ድምፃችን የተቆጠረበት ትራንስፎርመር የት ደረሰ?

ለክቡር የምርጫ ክልላችን የሕዝብ ተወካይ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለምርጫ መጥቶ ከምርጫ በኋላ የተነሣ ትራንስፎርመርን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ስምዎን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። እስከ ዛሬ በስምዎ የጻፍኳቸውን አራት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቁጥር አስይዤ፣ ማኅተም አስመትቼ አንዱም መልስ አላገኘም። ምናልባት ስም የተጻፈበት ወረቀት እርስዎ ዘንድ አይደርስ ይሆናል ብዬ አሁን ስም የሌለበትን ሞከርኩ። የቢሮው ጥበቃ እንኳ መታወቂያ መጠየቁን ትቶኛል። ገና ከባጃጅ ሳልወርድ «ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማዘር» ይለኛል።

ማንነቴን ላስታውስዎ። አዳማ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ የማድር ሴት ነኝ። ለሁለት ሆቴልና ለሦስት ሱቅ አስረክባለሁ። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ እየመጣ የሚሠለጥነው ሁሉ ምሳ ላይ የሚቆርሰው እንጀራ እንደኔ ካለችው ሴት ጓዳ ነው የሚወጣው። እርስዎም ቆርሰዋል። በ2015 በአንዱ አዳራሽ ስለ ታዳሽ ኃይል ንግግር ያደረጉ ዕለት ለምሳው ያስረከብኩት እኔ ነበርኩ። ያን እንጀራ የጋገርኩት በእንጨት ነው። ንግግርዎን በኋላ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዓይኔ እያለቀሰ ነበር፣ በጭሱ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት፤ ያውቁታል፣ ግን ሌላም ሰው ያንብበው።

በሚያዝያ 2013 የሰፈራችን ትራንስፎርመር ፈነዳ። አመለከትን። «ዕቃ የለም፣ ተራ ጠብቁ» ተባልን። ከወር በላይ በማገዶ ጋገርኩ። ግንቦት ሲጋመስ የቅስቀሳ መኪኖች ሰፈሩን መዞር ጀመሩ፤ እርስዎም መጡ፣ ቀበሌው ግቢ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ፣ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁ። «ይኼማ ቀላል ነው» አሉ። እውነትም ቀላል ነበር። ሰኔ 4 ቀን ጠዋት ክሬን ያለው መኪና መጣ፤ ቀለሙ ገና የሚሸት አዲስ ትራንስፎርመር ተሰቀለ። ሁለት ሰዎች ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሱ። ቴክኒሻኑን ጠየቅሁት፤ «ባለ 315 ነው፣ እናንተን ችሎ ይተርፈዋል» አለኝ። ቡና አፈላሁላቸው። ያን ምሽት ሦስቱንም ምጣድ አንድ ላይ ጣድኩ፤ አክንባሎውን ሳነሳ የእንጀራው ዓይን የንብ ቀፎ ይመስል ነበር።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ሰኔ 14፣ ተሰለፍን። ሰልፉ ስለበዛ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 እንደተራዘመ ያስታውሳሉ። እኔ ጠዋት ሰጥቼ ገብቼ ነበር። ማታ ግን የምርጫ ጣቢያው መስኮት ከግቢዬ ወለል ብሎ ይታያል፤ እኛው መስመር ላይ ነው ያለው። ለሊት ለሊጥ ስነሳ መብራቱ እንደበራ ነው፣ ሰዎቹ አጎንብሰው ይቆጥራሉ። ድምፃችን የተቆጠረው በዚያ ትራንስፎርመር ብርሃን ነው።

ነሐሴ 19 ቀን፣ በዝናብ፣ ክሬኑ ተመልሶ መጣ።

«ለጥገና ነው?» አልኩ።

«አይ፣ ለሌላ ቦታ ታዟል» አለኝ ሾፌሩ። ከማን እንደታዘዘ አያውቅም። በምትኩ የተሰቀለው ባለ 100 ነው፤ የዛገ፣ ከጎኑ ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ከየት እንደተነቀለ እግዜር ይወቅ። ያን ዕለት ፎቶ የሚያነሳ ሰው አልመጣም። ቡናም አላፈላሁም። ግን የሄደውን ትራንስፎርመር ቁጥር ከሆዱ ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ ከጤፍና ከጎመን ዘር ሒሳብ ጎን ተጽፎ ይገኛል። በአራቱም ደብዳቤዎቼ ላይ ያንን ቁጥር ጽፌያለሁ።

ሒሳቡን የማላውቅ አይምሰልዎት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ይበላል። ባለ 100 ትራንስፎርመር ማለት፣ አቅሙ ወደ 100 ኪሎ ዋት ነውና፣ ሃያ ስምንት ምጣድ አንዴ ከተጣደ ሞልቷል ማለት ነው፣ አምፖሉን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን ሳንቆጥር። እኛ መስመር ላይ መቶ አርባ ቆጣሪ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሲያበራ አምፖሉ እንደሚጠፋ ከሰል ይቀላል። ምጣዱ ይለግማል። ያፈሰስኩት ሊጥ እዚያው ተኝቶ ይቀራል እንጂ ዓይን አያወጣም፤ ዓይን የሌለውን እንጀራ ደግሞ የሆቴሉ ዕቃ ግዢ በጣቱ ነካ አድርጎ ይመልሰዋል። አብሲት ጥዬ ያዘጋጀሁት ሊጥ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በጥር 2016 ከተከለከለ ወዲህ ምን ያድርግ። ማታ መኪናውን ሲሰካ ግን እኛ ሻማ ፍለጋ እንነሳለን። በሱ አንፈርድም። ተራ አውጥተናል፦ እሱ ከለሊቱ 6 በኋላ፣ እኔ ከ8 ሰዓት እስኪነጋ። አንድ ሰፈር የራሱን ፈረቃ ሲያወጣ አይተው ያውቃሉ? ቀበሌው ሳያውቅ፣ ያለ ማኅተም፣ በሰላም እየሠራ ነው።

ለሊት መነሣት ያቃተኝ ዕለት እንጨት ነው። ታዲያ ሐምሌ ላይ ችግኝ ትከሉ ስንባል ተክያለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ የተባለ ዕለት እኔም ጭቃ ውስጥ ነበርኩ፤ አራት ተክያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ባሕር ዛፍ በምድጃዬ እንዳነደድኩ ግን አይጠይቁኝ። የተከልኩትን ሊያስቆጥሩኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ያነደድኩትን የሚቆጥር የለም።

አሁን ቀና ብለው ይመልከቱ። ግቢዬ ላይ ቆመው ወደ ኮረብታው ቢያዩ ነጫጭ ምሰሶዎቹ ይታያሉ። አዳማ አንድ 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋ ዋት። አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት። ሁለተኛው የተመረቀው በግንቦት 2007 ነው። አምስተኛው ምርጫ የተካሄደው መቼ ነው? ግንቦት 16 ቀን 2007። ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ መግጠማቸውን ያኔ ልብ አላልኩም፤ ምርቃቱ በዓል መስሎኝ እልል ብያለሁ። ያ ምርጫ ደግሞ 547ቱም ወንበር ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ የገባበት ነው፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማወቅ ተርባይን አላስፈለገም።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለከብት ነበር የተተረተው፤ አሁን ላሟን በዓይናችን እያየናት ነው፣ ሦስት ክንፍ አላት።

ቢሮዎ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ (ብቸኛው ያነጋገረኝ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው) «እማማ፣ ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል ወደ ብሔራዊው መስመር ነው የሚገባው፣ በቀጥታ ለአዳማ አይደለም» ብሎ አስረድቶኛል። ገብቶኛል። እንደውም ከዚያ ወዲህ የበለጠ ነው የተናደድኩት። ችግሩ ማመንጨት ካልሆነ ምንድን ነው? ሰፈር ውስጥ ማድረስ ነው። ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ፊውዝ፣ ትራንስፎርመር። ለእነዚህ ሪባን አይቆረጥም፤ ባለሥልጣን መነጽር አድርጎ አጠገባቸው ፎቶ አይነሳም። ግድብና ነፋስ ኃይል በቴሌቪዥን ያምራል፣ ባለ 100 ትራንስፎርመር ግን አያምርም። ያኔ የኛውን በፎቶ ያጀቡት የምርጫ ሰሞን ስለነበረ ብቻ ነው።

ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝቻለሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ልጄ አራተኛ ክፍል ነበር፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ሥራ ይዞ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት! አልቅሻለሁ፣ በጭስ አይደለም። ምርቃቱን ያየሁት ግን ጎረቤት ስልክ ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑን የሚሸከም መብራት አልነበረም። ይህን የምጽፈው ግድቡን ለማጣጣል አይደለም፤ እንደዚያ ብለው ለማለፍ እንዳይሞክሩ።

እኔ እንጀራ ጋጋሪ እንጂ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ግን ልጄ ይነግረኛል፣ ሬዲዮም እሰማለሁ። ጋናዎች ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ «ዱምሶር» ይሉታል፣ አጥፋ አብራ እንደማለት ነው። ፕሬዚዳንታቸው ጆን ማሃማ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2009 ወንበራቸውን ሲያጡ ያ ቃል እንደ ቅጽል ስም ተለጥፎባቸው ነበር። ስምንት ዓመት ከርመው ኅዳር 2017 ተመልሰው አሸንፈዋል፤ ሕዝብ ይቅር ይላል፣ ቀጥቶ ነው እንጂ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የማንዴላ ፓርቲ፣ ኤኤንሲ፣ በ2011 ከመቶ 57 ከግማሽ አግኝቶ በግንቦት 2016 ወደ 40 ወረደ፤ ብቻውን መንግሥት መመሥረት አቃተው። ሥራ አጥነቱም ሙስናውም አለበት፣ ግን ቀን በቀን በየቤቱ እየገባ ሰውን ያስመረረው መብራቱ ነው። ያስገረመኝ ምን መሰለዎት? ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው መጋቢት ላይ መብራት መጥፋቱ ቀጥ አለ። ያገሩ ሰው «ለምርጫ ነው» እያለ ሲጠራጠር እኔ እዚህ አዳማ ሆኜ ሳቅሁ። ክሬኑ ትዝ አለኝ።

አየሩ ራሱ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ሕንድ ውስጥ ኡታር ፕራዴሽ በምትባል ክልል፣ በ2016ቱ ምርጫቸው በመጨረሻው የድምፅ መስጫ ቀን 33 የምርጫ ሠራተኞች በሙቀት ሞተዋል። የኛም ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ ነሐሴ 2012 ላይ ሲቆረጥለት ፓርቲዎቹ «ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው» ብለው ሲሟገቱ ነበር፣ ኮሮና መጥቶ ነገሩን እስኪገላግለው። ግንቦት 2011 ላይ አገሩ ሁሉ በፈረቃ የሠራው ለምን ነበር? የጊቤ ሦስት ውሃ ስለጎደለ። ዝናብ ሲያንስ ግድብ ይጎድላል፣ ግድብ ሲጎድል መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲሄድ ሰው ማንን እንደሚሰድብ እርስዎ ያውቃሉ። የነፋሱ ጥቅም ደግሞ እዚህ ላይ ነበር፤ በበጋው፣ ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት፣ አዳማ ላይ ነፋሱ አቧራውን እያስነሣ ይነፍሳል። እግዜር እንዲህ አስተካክሎ ሰጥቶን እኛ በምሰሶና በሽቦ እናበላሸዋለን።

ድምፅ መስጫ ሳጥን ባልነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበር። የወሎ ድርቅ በ1965 እና በ66 ሰው ሲፈጅ የተደበቀ መስሏቸው ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ወጡ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ እናቴ ናት የምትነግረኝ። ለማስፈራራት አይደለም የማነሣው፤ እኔ የምጠይቀው ትራንስፎርመር ነው።

በ2013ቱ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከነበሩት ምልክቶች አንዱ አምፖል ነበር። የማን ምልክት እንደነበር እርስዎም እኔም እናውቃለን። ማን ላይ ምልክት እንዳደረግሁ ግን አልነግርዎትም፣ ምስጢር ነው። እንግዲህ ሰባተኛው ምርጫ ደጅ ላይ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ሰዎች ምሰሶ እየቆጠሩ፣ በሜትር እየለኩ፣ በቾክ እያሰመሩ ሲዞሩ አይቻለሁ። ጎረቤቶቼ ደስ ብሏቸዋል። «ዘንድሮ ይመጣል» ይላሉ። እኔም ይመጣል እላለሁ። የፈራሁት ነሐሴን ነው።

ሕጉን እርስዎ ከኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ቢሮዎ መደርደሪያ ላይ አይቼዋለሁ፣ ቀይ ልባስ ያለው ነው። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ ጓዳዬ አካባቢ ከሆነ ማለቴ ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል። ያው አንቀጽ፣ አንቀጽ 12ም ጭምር፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ይህ ግን እስከ ዛሬ በኛ ሰፈር ያነሣው ትራንስፎርመር ብቻ ነው።

በቀደም ደግሞ ልጄ አንድ ወሬ አመጣልኝ፤ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32 የሚሉት፣ በፈረንጆቹ 2027 አዲስ አበባ ላይ ይደረጋል። እንኳን ደስ ያለን። እንግዶቹ በፈጣን መንገዱ መጥተው ተርባይኖቹን ማየታቸው አይቀርም፣ ምሳም አዳማ ይበላሉ። እንጀራውን ማን በምን እንደጋገረው ቢጠይቁ ምን እንደሚመልሱ ካሁኑ ያስቡበት። እኔን ከጠየቁኝ እውነቱን ነው የምነግራቸው፤ ልጄ ያስተረጉምልኛል።

የመብራቱ ዋጋ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ ይጨምራል፤ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተደርጎ የወጣ ታሪፍ ነው። እንከፍላለን። እሱ አንድም ጊዜ ቀኑን አሳልፎ አያውቅም፤ ዕቃ የለም፣ ተራ ጠብቁ ተብሎ የዘገየ ጭማሪ አልሰማሁም። ለማገዶው ሌላ እከፍላለሁ፣ ለሚመለሰው እንጀራ ሌላ።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በነሐሴ 2013 ትራንስፎርመሩ ይነሣ ብሎ የፈረመው ማን ነው? ወረቀቱ የሆነ ቦታ አለ፤ መንግሥት ቤት ያለ ወረቀት ክሬን አይወጣም። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ የሚሰቀለው፣ ከተሰቀለ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ቀኑ ከምርጫው በኋላ ይሁን። የማይቻል ከሆነ አይስቀሉብን። ባለ 100ን ለምደነዋል፣ ፈረቃም አውጥተንለታል።

ለቅስቀሳ ሲመጡ ከተቻለ ጠዋት አይምጡ፤ ጠዋት መብራቱ ደህና ነው፣ ዋሾ ያደርገኛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጡ። ሊጥ አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ፤ ምጣዱን ራስዎ ይጣዱት። ዓይን ካወጣ እርስዎ ይዘውት ይሄዳሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እንጀራ ጋጋሪ፣ አዳማ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ትራንስፎርመራችን ለተተከለበት ሰፈር ነዋሪዎች
ባሉበት